ደሴ ላይ ለሸኛችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ቅዳሜ የጡረታ መሸኛዬን ደሴ ላይ ደግሳችሁ ማይክ ስትሰጡኝ መናገር አቃተኝ። አልቅሼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ያልወጣልኝን ዛሬ ልጻፈው።

ብዙዎቻችሁ ሥራዬን «የአረብ አገር ጉዳይ» ትሉታላችሁ። ልክ ናችሁ። የውጭ ጉዳይ ተንታኝ ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስኩት የመንን፣ ሳዑዲንና ቀይ ባሕርን በመከታተል ነው። ነገሩ የተጀመረው ግን እቤት ነው። አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። በባቲ ወርዶ ሲመለስ ቴምር ያመጣልናል፤ «ከባሕሩ ማዶ፣ ከየመኗ ሞካ ነው» ይለናል። አረብኛ የለመድኩት ሰፈራችን ካለው አረብ ቤት ስኳር ስላክ ነው። የሱቁን ባለቤት አላህ ጀነት ይወፍቃቸው። በ1990 ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት የአሰብ መንገድ ሲዘጋ አባዬ መኪናውን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የመንግሥታት ጠብ እናቴ ጓዳ ድረስ ሲገባ ያየሁት ያኔ ነው።

ትልቁ ዕዳዬ ከስደት ለተመለሳችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። ኅዳር 2006 ሳዑዲ ማባረር ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ደብተሬን ይዤ ኮምቦልቻና ባቲ ከረምኩ። ቡና አፍልታችሁ አስቀመጣችሁኝ። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ እንዴት እንደምትጫኑ፣ ባብ ኤል መንደብን በጨለማ እንዴት እንደምትሻገሩ ነገራችሁኝ። የመን ውስጥ በሳዑዲ ድንበር አጠገብ ባለችው ሐረድ ላይ ደላላው አግቶ ከቤተሰብ ገንዘብ እንዴት እንደሚያስልክም። የትኛው ኬላ ላይ የማን ታጣቂ እንደቆመ ታውቁ ነበር። መስከረም 2007 የየመን ታጣቂዎቹ ሁቲዎች ዋና ከተማዋን ሰንዓን ሲይዙ ስንቱ ባለሙያ ደነገጠ። እኔ ግን ሰሜኑ በማን እጅ እንደገባ ከእናንተ ሰምቼ ነበር።

ያኔ የምሠራበት ቢሮ ውስጥ አንድ አለቃ «የሰው ቤት ሠራተኛ ወሬ ትንተና አይሆንም» አለኝ። ቃሉ እስካሁን ያመኛል። ከጽሑፌ ግን አንድ መስመር አላወጣሁም።

ለደኅንነታችሁ ስል ስማችሁን የትም አልጻፍኩም። «ከመንገዱ የተመለሰች ሴት» እያልኩ አለፍኩ። ስለዚህ ሰው የእኔን ስም ብቻ እያነሳ ሲያመሰግን ይከብደኛል።

መጋቢት 2007 ሰንዓ ላይ ቦምብ መውረድ ሲጀምር እናቶች ሌሊት ደወላችሁልኝ። «ልጄ ወዴት ትሽሽ?» ስትሉኝ መልስ ያጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። ያንን ሁሉ ይዛችሁም ቅዳሜ መጣችሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች፣ በ2016 ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች መመታት ሲጀምሩ ከማንም ቀድማችሁ ደውላችሁ የጠየቃችሁኝ እናንተ ናችሁ። አመሰግናለሁ። ከሐይቅ ድረስ ለመጣችሁ፣ ለመረቁኝ ሼሁና ቄሱ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ ስትጋግሩ ላደራችሁት የሰፈሬ እናቶችም እንዲሁ። ባለቤቴ ደግሞ፣ እኔ የመን ስመላለስ ልጆቻችንን ያሳደግከው አንተ ነህ።

ከኋላ ተቀምጠሽ የነበርሽው የባቲ እህቴ፣ አቅፈሽኝ ምንም ሳትናገሪ ሄድሽ። አውቄሻለሁ። የደብተሬ የመጀመሪያው ገጽ ያንቺ ነው።

ልጃችሁ፣ ከሸዋ በር