ከመውጣትሽ በፊት

ውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹ አደጉ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁሉንም በስማቸው ጠርተሽ ሳሚልኝ። ከተጻጻፍን በጣም ቆየን። አንቺ አትላንታ፣ እኔ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሥራው፣ ልጁ፣ የቤት ክፍያው ወጥሮ ያዘንና ተጠፋፋን። ፍቅርሽ ግን ከልቤ አልወጣም። ይህን እንደምታውቂ አምናለሁ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ በግሩፓችን ላይ የጻፍሽው ነገር ነው። አብረውን ከገቡት ሁለቱ ከሶሮሪቲያችን፣ ከኤኬኤ (አልፋ ካፓ አልፋ፣ የጥቁር ሴት ተማሪዎችና ምሩቃን የእህትማማች ማኅበር) መውጣታቸውን አሳወቁ። አንዷማ ቪዲዮ ሠርታ ለቀቀች። ለማኅበሩ የገባችውን ቃል እንደሻረች፣ የማኅበሩ መለያ የሆነውን ዕንቁዋንም እንደጣለች ተናገረች። ከሥሯ አንቺ «እኔም ሳልወጣ አልቀርም» ብለሽ ጻፍሽ። አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚያው መልስ መስጠትም አልፈለግሁም። ይህ በሰው ሁሉ ፊት የሚወራ ነገር አይደለም፤ የሁለታችን ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ከባዱን ላንሳ። የሃይማኖቱን። «የገባነው ቃል ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ወይ?» ብለሽ መጠየቅሽን አከብራለሁ። እኔም ጠይቄያለሁ። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ የምንሠራውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። ሰምተው ሲያበቁ «ከጸሎትሽ፣ ከጾምሽ፣ ከቁርባንሽ የሚያርቅሽ ነገር አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «እንግዲያው የተቸገረ እየረዳችሁበት ከሆነ በርቺ» አሉኝ። ይህ የእኔ መልስ ነው፤ የአንቺ ላይሆን ይችላል። ጸልየሽ፣ አስበሽ፣ ኅሊናሽ «ውጪ» ካለሽ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አልከለክልሽም። እህትነታችንም አይቀነስም። የምፈራው ሌላ ነው። ሌሎቹ ወጡ ብለሽ እንዳትወጪ ነው። ቪዲዮ ያየ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ የዕድሜ ልክ ውሳኔ ሲወስን እያየሁ ነው። ያ ኅሊና አይመስለኝም።

ማኅበራችንን ከመጥፋት ያዳነችውን የኔሊ ኳንደርን ነገር አስታውሺ። ስንገባ ስሟንና ዓመቱን ሸምድደን ነበር። እኔ በቅርቡ እንደገና አነበብኩትና አሁን በሌላ ዓይን አየሁት። ኤኬኤ እ.ኤ.አ. በ1908 በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተች። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት ልትጠፋ ደረሰች። በ1912 ካምፓስ ውስጥ የነበሩት 22ቱ ተማሪ አባላት ስሙም፣ ቀለሙም፣ መለያውም ይቀየር አሉ። ፕሬዚዳንቷ ማይራ ዴቪስ ራሷ ከእነሱ ጋር ነበረች። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም። ማኅበሩ ከግቢው አጥር ወጥቶ በሀገር ጉዳይ ላይ እንዲቆም ፈልገዋል። ማን ይፈርድባቸዋል?

ኔሊ ያን ጊዜ ተመርቃ ወጥታለች። «የልጆቹ ጉዳይ ነው» ብላ ሥራዋን መሥራት ትችል ነበር። ግን ቀን ቆርጣ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ጠየቀቻቸው። እነሱም አልተመለሱም። ጃንዋሪ 13 ቀን 1913 ዴልታ ሲግማ ቴታ የተባለ ሌላ ሶሮሪቲ መሠረቱ። ኔሊ የተመረቁትን እህቶች አሰባሰበችና ጃንዋሪ 29 ማኅበሩን በሕግ አስመዘገበች። በመሃሉ ያለው 16 ቀን ብቻ ነው! አስቢው፤ ካምፓስ ውስጥ የነበሩት አባላት ሄደውባት፣ «በቃ፣ አለቀ» ማለት በሚቻልበት ሰዓት ነው ወረቀት ይዛ የሄደችው። የማኅበራችን መለያ የሆነው 20 ዕንቁ እነማንን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። ዘጠኙ መሥራቾቹን፣ ሰባቱ ተከትለው የገቡትን፣ አራቱ ደግሞ በዚያ ጊዜ ማኅበሩን በሕግ ያቆሙትን። አራቱ እዚያ ውስጥ ያሉት ሌላው ሲሄድ ስለቀሩ ነው።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በፌብሩዋሪ ኔሊ የሴቶችን የምርጫ መብት ሰልፍ ለምታዘጋጀው ለአሊስ ፖል ደብዳቤ ጻፈች። ለሃዋርድ ሴቶች በሰልፉ ውስጥ ደህና ቦታ እንዲሰጣቸው ጠየቀች። በዘራችን የምንገለል ከሆነ ግን አንገባም አለች። ማርች 3 ቀን፣ አዲሱ ፕሬዚዳንት ዊልሰን ቃለ መሐላ ሊፈጽም አንድ ቀን ሲቀረው፣ አዲሶቹ ዴልታዎች በፔንሲልቬኒያ አቬኑ ተሰለፉ። የሄዱትም የቀረችውም ለአንድ ጉዳይ ነበር የቆሙት። ስለዚህ መቅረት የሄደውን መስደብ አይደለም። እኔ ስለወጡት ልጆቻችን ክፉ ቃል አልናገርም። አንዷን ደውዬ አነጋግሬያታለሁ፤ ሰርግሽ ላይ እመጣለሁ ብያታለሁ።

ሚሲሲፒንስ ረሳሽው? 1935 ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይቶ በሚኖርበት ጊዜ። የማኅበራችን አባል ዶክተር ዶሮቲ ፌሬቢ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተማሪዎች ይዛ ወደ ሆልምስ ካውንቲ ወረደች። ሐሳቡን ያመጣችው ፕሬዚዳንታችን የነበረችው አይዳ ጃክሰን ናት። የጥጥ እርሻ ባለቤቶች ሠራተኞቻቸው ወደ ክሊኒክ እንዲሄዱ አልፈቀዱም። ሴቶቹ ምን አደረጉ? ክሊኒኩን በገዛ መኪኖቻቸው ላይ ጭነው እርሻው ድረስ ሄዱ። ልጆችን ለፈንጣጣና ለዲፍቴሪያ ከተቡ፤ እናቶችን ስለ ምግብና ስለ ንጽሕና አስተማሩ። በየበጋው እየተመላለሱ እስከ 1942 ድረስ ዘለቁ። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከአባላት መዋጮ። ደመወዛቸው ትንሽ የነበረ የጥቁር ሴት አስተማሪዎች ሳንቲም ነው።

መዋጮ ስል አንቺ ደግሞ ገንዘቡ እንደከበደሽ ጽፈሻል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ሁለት ልጅ፣ የእማማ መድኃኒት፣ የአዲስ አበባው ቤተሰብ። ግን ባትችዪ አለመክፈል ሌላ ነው፣ መውጣት ሌላ ነው። ለጥቂት ዓመት መዋጮ ሳትከፍዪ መቆየት ትችያለሽ። አቅም ስታገኚ ከፍለሽ ትመለሻለሽ። የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባት የለብሽም። ዘንድሮ ከፈለግሽ ደግሞ እኔ እከፍልልሻለሁ፤ እንዳትግደረደሪ።

የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ክፉ የተናገረችሽ ሴትዮ እንዳለችም ሰምቻለሁ። አንጀቴ ነው ያረረው። ግን እስቲ የእናቶቻችንን የሚካኤል ማኅበር አስቢ። ስንት ዓመት ተኮራርፈው ጽዋውን ተራ በተራ ሲያነሡ አላየንም? ጠበኛዋ ቤት ተራው ሲደርስ እናቴ ቀድማ ሄዳ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። አንዲት ሴትዮ አስቀይማሻለችና ማኅበሩን ለእሷ ትተሽላት አትሂጂ። እሷ ብቻዋን አይደለችም ማኅበሩ። አንቺም ነሽ።

ደግሞም ማኅበሩ ላንቺ ምን እንደሆነ እኔ አይቻለሁ። አባትሽ ያረፉ ጊዜ ገና ተማሪ ነበርሽ፤ የአውሮፕላን ትኬት መግዣ አልነበረሽም። አንዲት አበሻ ሳትጠየቅ በፊት ስድስት ሶሮሮች (የማኅበሩ እህቶች) ዶርም ድረስ መጡ። ለቅሶ እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያውቁ አልነበሩም። ፍራሽ ላይ አብረውሽ ተቀመጡ፤ ምግብ አመጡ፤ ትኬትሽን ቆረጡ። አንዷ የእኔን እጅ ይዛ «ምን እንላታለን? በእናንተ ቋንቋ ንገሪኝ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» የሚለውን እየደጋገመች ስታጠና አመሸች። ዛሬም ቻፕተሯ (የማኅበሩ ቅርንጫፍ) ውስጥ አለች። በየዓመቱ አዲስ ለሚገቡ ልጆች ትኬት ብትሆን፣ መጽሐፍ ብትሆን፣ ሳታወራ የምትከፍለው እሷ ናት። በመጋቢት አገኘኋት፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስላንቺ ነው።

እኔ እቆያለሁ። አስቤበታለሁ፤ ቀሪ ዘመኔንም በዚህ ነው የማሳልፈው። የመጡት ወጣት አበሻ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ወላጆቻቸው «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ሲሏቸው አብሯቸው ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ። ባለፈው ክረምት አንዷ ቤት ሄጄ ከአባቷ ጋር ቡና ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። ብቻዬን አልችለውም። አንቺ ከእኔ ይልቅ ትቀርቢያቸዋለሽ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ደብዳቤውን ጽፈሽው ከሆነ አትላኪው። በሚቀጥለው ወር ለሥራ አትላንታ እመጣለሁ፤ ቅዳሜንና እሑድን ካንቺ ጋር ልሁን። የሚያስጨንቅሽን ሁሉ አንድ ባንድ እንነጋገርበት። ከዚያም «ልውጣ» ካልሽ ፖስታ ቤት አብሬሽ እሄዳለሁ።

ስልክሽ ያው የድሮው ነው? እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ