ራስ ምታት ሁሉ ሳይነስ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው ፒያሳ ነው። ታላቅ እህቴን ወራት ሙሉ ራሷን ሲያማት፣ "ሳይነስ ነው" እያልን ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛን፣ ዳማከሴ እያሸተትናት ቆየን። ሕመሙ ጠዋት ስትነቃ ይብስባታል። ያስመልሳትና ትንሽ ቀለል ይላታል፤ እኛም ጨጓራ ነው ብለን አለፍነው። አንድ ቀን የቡና ሲኒ ከቀኝ እጇ ወደቀ። ሳምንት ሳይሞላ አንቀጠቀጣትና ራሷን ሳተች። ኤምአርአይ ስትነሳ አንጎሏ ውስጥ ዕጢ ተገኘ።

አብዛኛው ራስ ምታት ዕጢ አይደለም፣ ማንንም ማስደንገጥ አልፈልግም። ግን እየባሰ የሚሄድ አዲስ ራስ ምታት፣ ካደጉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ መንቀጥቀጥ፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የጠባይ መለወጥ ካለ ሐኪም ይየው።

የአከርካሪ ዕጢ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚብስ የጀርባ ሕመም "ብርድ ነው" ተብሎ ወጌሻ ጋ ይታሻል። እግር ከከዳ ወይም ሽንት አልቆጣጠር ካለ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፣ በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር፣ በዕጢው ተጭኖ ከቆየ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላልና።

እባካችሁ በጤና ዓምዳችሁ ሐኪም ጋብዛችሁ በሰፊው ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ