ደብዳቤ ለልጄ፦ «ንጉሠ ነገሥት» ልባል ያለው አሚር

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ፣

ለዒድ መጥተሽ ቡና እየተጠጣ ያልሽው ነገር ከልቤ አልወጣም። «አባ፣ የድሮ ዑለማዎች ስለ መንግሥት የጻፉት እኮ የገዥ አጫፋሪ ሆነው ነው» አልሽኝ። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መስማማት እንዳትቆጥሪው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

አንድ ሰው ላንሳልሽ፤ አል-ማወርዲን። በስራ በምትባለው የኢራቅ ከተማ ተወልዶ ባግዳድ የኖረ፣ ከሱኒ የሕግ መንገዶች አንዱ የሆነው የሻፊዒ መዝሀብ ቃዲ፣ ማለትም ዳኛ ነው። የሞተው በፈረንጆቹ 1058 ነው። «አል-አሕካም አስ-ሱልጧኒያ» የሚባለው ኪታቡ የሙስሊሞች የበላይ መሪ የሆነው ኸሊፋ እንዴት እንደሚሾም፣ ሚኒስትሩ ወዚር፣ ቃዲው፣ ግብር ሰብሳቢው፣ የገበያ ተቆጣጣሪው ሳይቀር ምን እንደሚሠራ ይናገራል። በኸሊፋው ላይ ብቻ አሥር ግዴታ ቆጥሮበታል።

ያኔ ባግዳድ እንዴት እንደነበረች አስቢ። ለኸሊፋው የቀረው ስሙ ነው። ጦሩም ገንዘቡም ከደይለም ተራሮች በመጡት በቡወይህ ቤተሰቦች እጅ ነው። እሱ ሱኒ፣ እነሱ ሺዓ።

ከነዚህ የቡወይህ አሚሮች (ገዥዎች) አንዱ ጀላል አድ-ደውላ በ1038 «ንጉሠ ነገሥት» ልባል አለ። ለእኛ አገር ጆሮ አዲስ ማዕረግ አይደለም። ባግዳድ ግን ማዕረጉ በኹጥባ፣ በጁሙዓ ስብከት ላይ ሲጠራ ሰው ሰባኪዎቹን ኸጢቦች በጡብ ወገራቸው። ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብያኔ ተጠየቀ። ትልልቅ ዑለማዎች «ዋናው ሐሳቡ ነው፣ የምድር ነገሥታት ንጉሥ ለማለት ነው» ብለው ፈቀዱ። አል-ማወርዲ አይቻልም አለ። ሰው «የነገሥታት ንጉሥ» መባሉ አላህ ዘንድ እጅግ የተዋረደ ስም እንደሆነ የሚናገር ሶሒሕ፣ ማለትም ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የነቢዩ ሐዲስ እንዳለ አንቺም ታውቂያለሽ።

ልጄ፣ ይህ ሰው የአሚሩ የቅርብ ሰው ነበር። ግቢው ገብቶ የሚወጣ። ከዚያ ፈትዋ በኋላ ግን ፈርቶ ቤቱ ተቀመጠ። ከረመዳን እስከ ዐረፋ ድረስ ከቤቱ አልወጣም። በመጨረሻ ተጠራ። እየፈራ ገባ። አሚሩም «በሀብትም፣ በክብርም፣ ለእኔ በመቅረብም ከሁሉም ትበልጣለህ፤ ከነሱ የተለየኸው ለእውነት ብለህ እንደሆነ ገባኝ» የሚል ነገር ነግሮ አክብሮ ሸኘው። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የማልረሳው ያንን በፍርሃት ቤት መቀመጡን ነው። ፈርቷል፤ ቃሉን ግን አላጠፈም።

አሁን ወዳንቺ ክርክር ልምጣ። ይኸው ሰው በዚያው ኪታቡ አገር በጉልበት የያዘን አሚር ኸሊፋው ሊያጸድቅለት እንደሚችል ጽፏል። ወጣት እያለሁ ይህን ቦታ ሳነበው ተናድጄ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ። እሱ በሞተበት ዓመት የተወለደው ዓሊሙ አል-ገዛሊ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል፦ ኢማም (እዚህ ላይ ኸሊፋው ማለት ነው) የለም ካልን የቃዲዎቹ ሹመት ይፈርሳል፣ የኒካሑ፣ የጋብቻው ውል ይፈርሳል፣ ሰው ሁሉ ሐራም ውስጥ ይገባል። አየሽ፣ የጨነቃቸው የአሚሩ ወንበር ብቻ አይደለም። ያቺ ዛሬ የምታገባ ልጅም ናት። ይኼ የአጫፋሪ ጭንቀት አይመስለኝም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ካንቺ ጋር ነኝ። አል-ማወርዲ ኸሊፋ ፍትሕ ካጓደለ ከኢማምነት ይወጣል ይላል። ማን፣ በምን መንገድ ያውርደው የሚለውን አልነገረንም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ብዙ ደም የፈሰሰውም በዚህ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለክረምት ስትመጪ ኪታቡን አብረን እንከፍተዋለን፣ ኢንሻአላህ። ስለ ኢማምነት ከሚያወራው ከመጀመሪያው ባብ (ምዕራፍ) እንጀምራለን። ያኔ እንግዳ አይኖርም፤ እስኪመሽ ተከራከሪኝ።

አባትሽ