ለእማዬ፣ ስለ ሐረሩ ጉዞ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በቀደም በስልክ «በዚህ ዕድሜዬ ሐረርን አይቼ ምን ላደርግ ነው?» ስትይኝ መልስ አጣሁ። እዚህ ልጽፍልሽ ነው፤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

እማዬ፣ በእኔ ስለት ስድስት ጊዜ ቁልቢ ገብርኤል ሄደሻል። ሌሊቱን በብርድ አድረሽ፣ ስለትሽን አግብተሽ በማግስቱ ወደ ናዝሬት ትመለሻለሽ። ከቁልቢ ሐረር በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። አንድም ቀን ግን አልተሻገርሽም፤ ለመሳፈሪያ የምትሆነዋ ብር የእኔ ደብተር መግዣ ነበረቻ። ይኸው እኔ ሐረር ሥራ ይዤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አንቺ አላየሻትም። ይህ ያንገበግበኛል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 19 ሕዝቡ አያላውስም፣ እሱ ይቅርብን። የጥር ገብርኤልን እናድርገው። አውቶቡሱ ጉልበትሽን ይጎዳዋልና ከናዝሬት በባቡር ነይ፤ ድሬዳዋ ጣቢያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። የዚያን ቀን ድካም የለብሽም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ እንጠጣለን፣ አመሻሽ ላይ የድሮውን ለገሃር አሳይሻለሁ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚያ ባቡር ምክንያት ነው። በማግስቱ ደንገጎን ስንወጣ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ቁልቢ፣ ግራው ወደ ሐረር። መጀመሪያ በቀኙ ሄደን ገብርኤልን ትሳለሚያለሽ፣ ከዚያ ተመልሰን በዚያ ባልሄድሽበት በግራው።

ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረውን የጥንቱን ሐረር፣ ባለፈው ቅዳሜ በአንቺ እግር ሆኜ ዞርኩት፤ የት ጥላ እንዳለ፣ የት ማረፍ እንደሚቻል እያየሁ። ግንቡን አሚር ኑር ካሠሩት ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሐረሪዎች በራቸውን «በሪ» ይሉታል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለአንቺ የሚያሳስበኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ እስከ ፈረስ መጋላ በባጃጅ እንሄዳለን። መድኃኔዓለም እዚያው አደባባዩ ላይ ስለሆነ ተሳልመሽ ትወጫለሽ። ከዚያ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ እንወርዳለን። ልብስ ሰፊዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው በስፌት መኪና ሲሰፉ ቦታው ስሙን ከየት እንዳገኘ ጆሮሽ ይነግርሻል። የቀሚስሽን ጠርዝ ቁጭ ብለሽ እየጠበቅሽ ያሳጥሩልሻል። ዳገቱን በእግርሽ አትመለሺም፤ ከታች ባጃጅ እይዛለሁ።

የራስ መኮንን ቤትም አለ፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ያንቺን ቁልቢ ያሠሩት እሳቸው አይደሉ? ደረጃው ከከበደሽ ግን ከግቢው ሆነሽ ማየትም ይበቃል። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በእጃቸው የሚያበሉ ሰዎች አሉ፤ ከፈራሽ አንሄድም።

ከሁሉም በላይ እንድታይልኝ የምፈልገው አንድ የሐረሪ ቤት ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ትገቢያለሽ። መደቦቹ «ነደባ» ይባላሉ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ ሁሉም እንደ ክብሩ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። ግድግዳው ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስፌት ነው፣ እማዬ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ አለላ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የእኛ ቤት ግድግዳ ትዝ አለኝ፤ የሰርግሽ መሶብ ተሰቅሎበት የነበረው ባዶ ሚስማር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ለብርድ ልብስና ለሻንጣ ብለሽ የሸጥሽው መሶብ። «አሮጌ ነው፣ ቦታ ያጣብባል» ነበር ያልሽኝ። ያኔ አምኜሽ ነበር።

አንዱን ስፌት አስፈቅጄ አወረድኩና፣ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። እንደ ፊቱ ነው፤ አንድ የተንጠለጠለ ጫፍ የለውም። ባለቤቲቱ ትልቅ ሴት ናቸው። «ጀርባውን እይ ያለህ ማነው?» አሉኝ። እናቴ መሶብ ትሰፋ ነበር፣ ልጅ ሆኜ አክርማውን ውኃ እየነከርኩ አቀብላት ነበር አልኳቸው። «እንግዲያስ እሷን አምጣት፣ ከእኔ ጋር ቡና ትጠጣ» አሉኝ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ስለዚህ እማዬ፣ የጫማ ቁጥርሽን በእህቴ በኩል ላኪልኝ። የጀጎል ድንጋይ ያንሸራትታልና ሶሉ ጎማ የሆነ ጫማ እገዛልሻለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትሽን ለሳምንት የሚበቃ ያዢ። ሐረር ማታ ማታ ይበርዳል፣ ወፍራም ሹራብ ያስፈልግሻል። ወስፌሽንም ይዘሽ ነይ፤ ሴትዮዋ ሊያዩት ይፈልጋሉ።

ልጅሽ
ከሐረር