የእንቁጣጣሽ ስጦታችን ከበዓሉ ማግስትም ይቆይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንዴት ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ደብተር፣ የልጆች ከረሜላ እሸጣለሁ። ክረምቱ ገና አልለቀቀንም፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ደርቤ ነው ሱቁን የምከፍተው። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተና በዓሉ ሳይደርስ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ነገሩ የበዓል ስጦታ ነው።

የቡሄ ዕለት የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ጨፍረው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚገቡት እኔ ሱቅ ነው። ዘንድሮም አምስት ሆነው መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ብሩን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። ድሮ ሙልሙል ይሰጥ የነበረው ቤት አሁን ብር ነው የሚሰጠው። ሳንቲሙ፣ የተጨማደደው አምስት ብር፣ አስር ብሩ፣ አንድ ሁለት መቶ ብርም ነበረበት። ቆጥረው ተካፈሉ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ብስኩት፣ ማስቲካ፣ ፊኛ፣ ለስላሳ፣ አለቀ። ትንሹ ልጅ ብቻ ድርሻውን በጡጫው ጨብጦ ቆመ። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ ነው። "አንተስ ምን ልስጥህ?" አልኩት። "እትዬ፣ ቤት ይዤው ከገባሁ እማዬ ላስቀምጥልህ ብላ ትወስደዋለች" አለኝ። ትንሽ አሰበና እሱም ብስኩት ገዛ።

ይሄ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ "ማስቀመጥ" የሚለውን ቃል የሚያውቀው ብር ሄዶ የማይመለስበት ነገር አድርጎ ነው። እናቱን አልወቅስም። ለሽንኩርት ወይም ለዘይት አውላው ይሆናል፤ እኔም ልጆቼ ትናንሾች ሳሉ እንደዚያ አድርጌያለሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ብር እጅህ ላይ ሳለ ቶሎ ጨርሰው የሚለውን ነው። ሲያድግ፣ ደመወዝ ሲቀጠርለት፣ ያንኑ ነው የሚያደርገው።

ይሄን የምለው የዱቤ ደብተሬን አይቼ ነው። ማን ምን እንደወሰደ ለማንም አላወራም፤ ግን የደብተሩን መልክ ልንገራችሁ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አንድ ደንበኛ አንድ ገጽ አይሞላም። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ግን በአንድ ሰው ስም ሁለት ሦስት ገጽ ይሄዳል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ደመወዝተኛው የነሐሴን ይቀበላል፣ ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ መስከረም 1 ዶሮውና ቅቤው አለ፣ ከዚያ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ ከዚያ ደግሞ መስከረም 17 መስቀል። የመስከረም ደመወዝ እስኪመጣ ያለው ሠላሳ አምስት ቀን ነው፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ሠላሳ ስድስት። በጥቅምት የሚከፈለኝ ዱቤ የእንቁጣጣሽ ዘይት ነው። አንዳንዱ ሰው ገና ሲደርስም እሱኑ እየከፈለ ነው።

በዓል አታክብሩ እያልኩ አይደለም። ዶሮው ይታረድ፣ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ ልጆቹም አዲስ ልብስ ይልበሱ። የምለው ስለ ስጦታው ነው። እርስ በርስ የምንሰጣጠው ነገር በዚያው ቀን ተበልቶና ተለብሶ ከሚያልቅ፣ ለተቀባዩ የሚቆይ ልማድ ይዞለት ቢገባስ?

ከልጆች ልጀምር። አምና ለእህቴ ልጅ ሳጥን አሠራሁላት። አናጢው ጎረቤቴ ከተረፈ ጣውላ ሠራው፣ ከላይ ብር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከጎን ትንሽ ጓጉንቸር። ቁልፉ እሷም ጋ አይደለም፣ እናቷም ጋ አይደለም፤ አያቷ መቀነት ላይ ነው ያለው። ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ "ለጥምቀት ጫማ፣ ጥር 9 ይከፈታል" ብላ ጻፈች። ከሳጥኑ ጋር አንድ ቀጭን ደብተር ሰጠኋት። እንቁጣጣሽ ዕለት አበባየሆሽ ብላ ያገኘችውን ከተተች፣ ቀኑንና መጠኑን ጻፈች። ከዚያ በኋላ አጎቷ ሲመጣ የሰጣት፣ ተልካ ሄዳ የተረፋት፣ ሁሉም እየተጻፈ ገባ። ጥር 9 አያቷ መቀነታቸውን ፈቱ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ቆጠርን። 640 ብር ሆነ። ደብተሩ ላይ የነበረው ግን 635 ነበር፤ አምስት ብር ሳትጽፍ ከትታ ነበርና እስክናገኘው ድረስ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ደመረችው። የወደደችው ጫማ 900 ነው፣ የጎደለውን አባቷ ሞላላት። ገበያ ሄዳ ራሷ ቆጥራ ከፈለች። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ ያቺን ጫማ አድርጋ ታቦት ስትሸኝ አረማመዷ ሌላ ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ሳጥኑ አይደለም። ቀኑ ሲደርስ መከፈቱ ነው። ትልቅ ሰው ቢቸግረውም እንኳ የልጁን ሳጥን አይንካ። ከነካ ደግሞ ለልጁ ነግሮት፣ ደብተሩ ላይ "አባዬ ተበድሯል" ብሎ ጽፎ፣ በቀኑ ይመልስ። ልጅ አንዴ ከተታለለ ሁለተኛ አይከትም፣ ያ የቡሄ ልጅ ምስክሬ ነው።

ብር በሳጥን ለረጅም ጊዜ ማቆየት ግን አልመክርም። የ2013ቱን የብር ለውጥ አስታውሱ። መስከረም ላይ አዲሱ አስር፣ ሃምሳና መቶ ብር ወጣ፣ ሁለት መቶ ብር ተጨመረ፣ አሮጌውን ለመቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። መንዝ ያለች አክስቴ ለዓመታት በጨርቅ ጠቅልላ እህል ጎተራ ውስጥ ያኖረችውን ይዛ የመጣችው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ስትፈታው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሽ ብትዘገይ የስንት ዓመት ድካሟ ተራ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ሳጥኑ ለአራትና አምስት ወር ነገር ይሁን። ለሚቆየው የባንክ ደብተር አለ። ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ከሄደ በልጅ ስም ሒሳብ የሚከፍቱ ባንኮች ብዙ ናቸው። አያት፣ አጎት፣ የክርስትና አባት የሆናችሁ፣ ለልብስ ካሰባችሁት ላይ ቀንሳችሁ ይሄን ስጡ። ልጁን ግን ይዛችሁት ሂዱ። ብሩን በገዛ እጁ መስኮቱ ላይ ያስረክብ፣ ስሙ ደብተሩ ላይ ሲጻፍ ይይ። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ በ2010 ዓ.ም. 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝና እውነቱን ልናገር፣ ገበያው ከዚያ በላይ ሲሮጥ አይቻለሁ። አምና በአንድ መቶ ብር የሸጥኩትን ዘንድሮ በመቶ ሰባት ብር አላመጣውም። ቢሆንም ልጁ የሚለምደው ነገር ከወለዱ ይበልጣል።

ገጠር ዘመድ ላላችሁ ደግሞ ከባንኩም የሚሻል አለ። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ። ልጅ ሲወለድ ወይም ክርስትና ሲነሳ እንስት ግልገል ይሰጡ ነበር። "ይቺ የእሱ ናት" ይባላል፣ ጆሮዋ ላይ ምልክት ይደረጋል፣ በቃ። የመንዝ በግ ብርዱን ለምዶታል፣ በትንሽ ሣር ይኖራል፣ ጸጉሩም ባና ይሠራበታል። ታላቅ ወንድሜ በእንዲህ ያለች አንዲት ግልገል ነው የጀመረው። እሷ ወለደች፣ ልጆቿ ወለዱ። ወንዱን በበዓል ይሸጣል፣ ሴቷን ያቆያል። ማንም ሒሳብ ሳያስተምረው ዋናውን ሳትነካ ትርፉን ብላ የሚለውን ከበጎቹ ተማረ። ከተማ መሰናዶ ሲማር የቤት ኪራዩንና የደብተሩን የከፈለው በእነሱ ነው። ከተማ ያለ ሰው በግ ማቆያ የለውም፤ ግቢ ካለው ግን አንዲት ቄብ ዶሮ ያንኑ ታስተምራለች። እንቁላሉን ልጁ ራሱ ይሽጠው። እኔም እገዛዋለሁ።

ወጣቶቹን ልርሳቸው አልፈልግም። እዚህ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ ውስጥ ብዙ ልጆች አዲስ ደመወዝተኛ እየሆኑ ነው። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ደመወዛቸው በስልክ ይገባል፣ በስልክ ይወጣል፣ እጃቸው ላይ ሳያዩት ያልቃል። እንዲህ ያለ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ሰዎች ዕቁብ አስገቧቸው፤ የበዓል ስጦታችሁም የመጀመሪያው ወር መዋጮ ይሁን። አሥራ ሁለት ሰው በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥል በየወሩ አንዱ 12,000 ብር ያነሳል። ወለድ የለውም። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው እንዳጠራቀመ ነው። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው። ስጦታ ሰጪው ዋስ መሆኑን ቢጨምርበት ደግሞ ልጁ ወንድሙን ላለማሳፈር ሲል አንድም ወር አይዘልም። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቁት፤ ዕጣው ሳይወጣ "ሲደርሰኝ እከፍላለሁ" እያለ ዱቤ እንዳይገባ። የዚህን ጣጣ በደብተሬ ብዙ አይቻለሁ።

በመጨረሻ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፋሲካ ሰሞን አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ሠርቶ አዳሪ ነው፣ በየበዓሉ ለእናቱ ቀሚስና ነጠላ ይዞ ይመጣል። የዚያን ቀን ባዶ እጁን ሱቅ ገባና "እትዬ፣ የእማዬ ዱቤ ስንት ደርሷል?" አለኝ። ደብተሩን አወጣሁ። ቁጭ ብለን ደመርን። ከፈለው። ከዚያ አምስት መቶ ብር ጨምሮ አስቀመጠ። "ይሄ ደግሞ ከፊት ለፊት ይሁንላት፣ ከዚህ ላይ ትውሰድ፣ ሊያልቅ ሲል ይንገሯት" አለ። እናቱ በማግስቱ መጡ። የእሳቸውን ገጽ አሳየኋቸው። በቀይ ተሰርዟል፣ ከታች "ቀድሞ የተከፈለ 500" ይላል። ዝም ብለው ገጹን በመዳፋቸው ዳበሱት። ከዚያ ወዲህ እኚህ እናት ዱቤ ጠይቀውኝ አያውቁም። አምስት መቶው ሊያልቅ ሲል የዕንቁላል ብራቸውን አምጥተው ራሳቸው ይሞሉታል። ቅድም ስለ ነገርኳችሁ ቄብ ያሰብኩትም እሳቸውን አይቼ ነው።

እኔም ዘንድሮ አናጢው ጎረቤቴን ስምንት ሳጥን አዝዤዋለሁ። አንዱ የዚያ የቡሄ ልጅ ነው። እንቁጣጣሽ ጠዋት አበባ ሥሎ ሲያመጣልኝ ከብሩ ጋር ሳጥኑን እሰጠዋለሁ፣ እናቱንም አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ቁልፉ እኔ ሱቅ ይቀመጣል። የሚከፈትበትን ቀን እሱ ይመርጣል።

አዘጋጆች ሆይ፣ ደብዳቤው የሚታተም ከሆነ ከጳጉሜ በፊት ቢወጣ ደስ ይለኛል፣ የነሐሴ ደመወዝ ከሰው እጅ ሳይወጣ።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን