ጠጥቶ ሲነዳ ለተያዘው ወንድሜ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ታናሽ ወንድሜ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ታሰረ። ደግነቱ ሰው አልገጨም። ቤት ውስጥ ግማሹ «ይበለው» አለ፤ ግማሹ የሚያስፈታ ዘመድ ፍለጋ ሮጠ። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አልኮልን ከደም አያወጣም። ጉበት በራሱ ጊዜ ነው የሚያጣራው። ስለዚህ ጠዋት ሲለቀቅ መኪናውን የሚነዳ ሌላ ሰው ይዤ ሄድኩ። ቁልፉ አሁንም እኔ ጋ ነው። ጠበቃ ያዝንለት፤ የቀጠሮውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ቅጣቱን ግን ራሱ ይክፈል ብዬ ድርቅ አልኩ። እናታችን ተቀየመችኝ፤ ይሁን።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። «ከዛሬ ጀምሮ በቃህ» ብሎ ቤት መቆለፍ እርዳታ አይደለም። የወንድሜ እጅ ጠዋት ጠዋት ሲኒ መያዝ ያቅተው ነበር። ይህን ለሐኪሙ ነገርነው፤ መጠጡን በሕክምና ክትትል እያቆመ ነው።

ጠጥቶ መንዳት ስለሚያስከትለው አደጋ ብዙ ትጽፋላችሁ። እባካችሁ ስለ ሕክምናውም ጻፉልን።

አንዲት ታላቅ እህት