እባካችሁ ልጆቹን ጥሬ ብር አስይዛችሁ ላኩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ትምህርት ጥራት በየጊዜው ትጽፋላችሁ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ካሪኩለም፣ ስለ አስተማሪ ደሞዝ፣ ሁሉም ልክ ነው። እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ጉለሌ ሰፈር መሀል ነው ሱቄ፣ ስለ ካሪኩለም የማውቀው ነገር የለም፣ የማውቀው ከባንኮኒዬ ወዲያ ቆመው ሂሳብ የሚጠፋባቸውን ልጆች ነው። ስለነሱ ነው የምጽፈው፣ ከረዘመ ቁረጡት።

ድሮ ልጅ ሱቅ ሲላክ ብሩን ጨብጦ "መልሱን እንዳትጥል" ተብሎ ነበር የሚመጣው፣ ብሩ በላብ ርሶ ነው እጄ ላይ የሚደርሰው። አሁን ባዶ እጁን ይመጣና "እማዬ በቴሌብር ትልክልሃለች" ይለኛል። እናትየው ትደውላለች፣ ስንት ሆነ ትላለች፣ እነግራታለሁ፣ ትልካለች፣ ልጁ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ይሄዳል። እዚህ ሁሉ መሀል ልጁ አንድም ቁጥር አላሰበም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ለኛም እፎይ ነው፣ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ሱቅ መሮጥ ቀንሷል፣ አልክድም። ግን ልጆቹ በነጻ ይማሩት የነበረው ነገር አብሮ ሄደ፣ ማንም ልብ አላለውም።

ብር ይዘው የሚመጡት ጥቂቶቹስ? አንዱን ልንገራችሁ። አራተኛ ክፍል ነው፣ ጎበዝ ነው የሚባል ልጅ ነው፣ የ65 ብር እቃ ገዛና 200 ብር ሰጠኝ። "መልስህ ስንት ነው ማሙሽ?" አልኩት እንዲሁ ለጨዋታ። በጣቱ መስታወቱ ላይ መጻፍ ጀመረ፣ ከላይ 200 ከታች 65። ከዜሮ ላይ አምስት አይነሳም፣ ከጎረቤት ይበደራል፣ ጎረቤቱም ዜሮ ነው፣ እሱም ከሁለቱ ተበድሮ ነው የሚያበድረው... በጣት የተጻፈ ደሞ አይታይ፣ ጠፋበት፣ እንደገና ጀመረ፣ በመጨረሻ "145" አለኝ። ያበደረውን አንድ ረስቶታል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ እኮ አይደለም፣ ያስተማሩትን ነው የሰራው፣ ዘዴው ግን ወረቀትና እርሳስ ይፈልጋል፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ደሞ ሁለቱም የሉም።

እኛ ባለሱቆች መልስ ስንሰጥ አንቀንስም፣ እንደምራለን። ከ65 እነሳና አምስት ብር አስቀምጬ "ሰባ" እላለሁ፣ ሶስት አስር ብር ደርድሬ "መቶ"፣ አንድ መቶ ብር ጨምሬ "ሁለት መቶ"፣ አለቀ። የደረደርኩት ሲቆጠር 135 ነው። ለልጁ አንዴ አሳየሁት፣ አሁን ሲመጣ ከኔ ቀድሞ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነው የሚቀበለኝ፣ ወረፋ ያለ ቀን እንደውም ያስቸግረኛል።

የታክሲ ረዳቶችን እዩ እስቲ። ብዙዎቹ ትምህርት አቋርጠው ነው ወደ ስራው የገቡት። ከኋላ ወንበር መቶ ብር "የሶስት ሰው" ተብሎ ይመጣል፣ ከመሀል ሁለት መቶ "የሁለት ሰው፣ አንዱ ቅርብ ወራጅ ነው"፣ ጋቢና ያለው ገና አልከፈለም፣ ይሄ ሁሉ መኪናው እየሄደ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሰላው። ሲሳሳት ብዙ አታዩትም (መልስ ሲያስቀር ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ አውቆ ነው)። ከተሳሳተ ማታ ለባለቤቱ ገቢ ሲያስገባ ከራሱ ኪስ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቁጥሩ የራሱ ጉዳይ ነው። ሲያሳንስ ደሞ ተሳፋሪው እዛው "ረዳት፣ መልሴ!" ይለዋል፣ እርማቱ እንደ ትምህርት ቤት ደብተር ሳምንት ቆይቶ አይደለም የሚመለስለት። ልጆቻችን የሚሰሩት ሂሳብ ላይ እነዚህ ሁለቱ የሉም። መጽሐፉ ላይ ያሉት ሀምሳ ብርቱካኖች የማንም አይደሉም፣ ቢጎድሉም ማንም አይጮህም።

የሚያናድደኝ ደሞ አብሮ የሚመጣው ትልቅ ሰው ነው። ልጁን ስጠይቀው ገና አፉን ሳይከፍት አባት መልሱን ይናገራል። ወይም "ይሄ እንኳን ይጠፋሃል? ለትምህርት ቤት ስንት ነው የምከፍለው!" ይላል፣ ሰው ፊት። ልጁ በዛች ደቂቃ ቁጥሩን ትቶ የአባቱን ፊት ማንበብ ይጀምራል፣ "ሰባ?... ስልሳ?... ሰማንያ?" እያለ የአባቱ ቅንድብ እስኪፈታ ይገምታል። በግምት ቢያገኘውስ ምን ሊጠቅመው ነው። ጋሼ እባክዎ ትንሽ ዝም ይበሉለት፣ እኔም አልቸኩልም።

ከቤት ሳይወጣ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፣ "ይሄ ሁለት መቶ ብር ይበቃሃል አይበቃህም?" የሚል። ልክ መልሱን አትፈልጉ፣ ወደ ስንት እንደሚጠጋ ይንገራችሁ። እንቁላል አንዱ 18 ብር ነው እንበል፣ ስድስት ታዟል። 18ን በ6 ማባዛት ትልቁንም ሰው ያስጠላዋል። 20 ያድርገው፣ ስድስት ሃያ 120፣ ስለዚህ ሁለት መቶው ይበቃል፣ መሄድ ይችላል። እግረ መንገዱን ደሞ በያንዳንዱ እንቁላል ሁለት ብር ስለጨመረ 12 ይመልስ፣ 108። ሱቅ ሲደርስ እኔ 108 ስለው አይደነግጥም፣ 118 ካልኩት ደሞ "ኧረ ጋሼ" ይለኛል። ይበለኝ፣ ደስ ነው የሚለኝ።

ጣት መቁጠር አሳፋሪ ነው የሚሉ አሉ፣ ልጅ በጣቱ ሲቆጥር እጁን የሚመቱም አይቻለሁ። ለምን? እናቶቻችን "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 41 ጊዜ ሲሉ በምን ነው የሚቆጥሩት፣ በጣታቸው አንጓ ነው። አንድ ጣት ሶስት አንጓ አለው፣ አራቱ ጣቶች 12፣ አውራ ጣት እየነካ ይቆጥራል፣ ሶስት ጊዜ ሲዞሩ 36፣ አምስት ጨምሮ 41። አንድ እጅ ላይ ያለ የ12 ማባዣ በሉት። ደብተርና እስክሪብቶ በደርዘን ነው የምናመጣው እና እኔም እስካሁን በአንጓ ነው የምቆጥረው።

ሽምደዳ የሚባለውንም ሰው ሁሉ ይሰድበዋል፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ደብተር ጀርባ ላይ የሚታተመው የማባዣ ሰንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት፣ ምርጫ የለውም። ግን የያዘው ሲጠፋበት መመለሻ መንገድ ይኑረው፣ 7 ስምንት ከጠፋው 5 ስምንት 40፣ 2 ስምንት 16፣ 56። በ5 ማባዛት ከከበደው በ10 አባዝቶ ለሁለት ይክፈለው።

የቆሎ ተማሪ ባህረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት) ሲያሰላ አይታችሁ ከሆነ ካልኩሌተር የለ ምን የለ። ልጆች ከሱ ውስጥ ቀላሏን ይወዷታል፣ ዘመኑ ከአራቱ ወንጌላውያን የማን ነው የምትለዋን። በዓመቱ ላይ 5500 ይደመራል፣ ለ4 ይካፈላል፣ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 2018ን ብትወስዱ 7518 ይሆናል። እዚህ ጋ ልጁን አስቁሙትና መቶ ለ4 እኩል እንደሚካፈል ንገሩት፣ ስለዚህ 75ቱ መቶዎች ሁሉ ይተዋሉ፣ የቀረው 18 ብቻ ነው፣ አራት አራት 16፣ 2 ተረፈ፣ ማርቆስ። የተወለደበትን ዓመት ማን እንደሆነ ይፈልግ ብላችሁ ተዉት፣ ከዛ የእናቱን፣ ከዛ የአያቱን እያለ ማንም ሳያስገድደው ደርዘን ማካፈል ይሰራል።

ውጭ ዘመድ ያለውም ሌላ ጨዋታ አለው። ዋሽንግተን ያለች አክስቱ "ስንት ሰዓት ልደውል" ስትል ልጁ ያስላው። በነሱ በጋ እኛ በሰባት ሰዓት እንቀድማለን፣ የኛ አቆጣጠር ደሞ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል፣ ሰባት ጨምሮ ስድስት መቀነስ አንድ መጨመር ነው፣ ማለትም እዛ ጠዋት 8 ከሆነ እዚህ ከቀኑ 9 ነው። በነሱ ክረምት ደሞ በአንዱ ፈንታ ሁለት ይጨምራል። የሰፈራችን ልጅ ይሄን ስነግራት በጣም ነው የገረማት፣ እናቷ ደሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስልኳ ላይ ነበር የምታየው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ የግል ትምህርት ቤት ልጆች "ሰባ አምስት" ስላቸው ይፈጡብኛል፣ "ሰቨንቲ ፋይቭ" ካላልኩ አይገባቸውም። በፈለጉት ቋንቋ ይማሩ፣ ግን ገበያው በአማርኛ ነው የሚቆጥረው እና ቤት ውስጥ በአማርኛም ቁጠሩላቸው። የአባከስ (በዶቃ የሚቆጠርበት ማስሊያ) ኮርስ ከፍለው የሚያስተምሩም አሉ፣ መጥፎ ነው አልልም፣ ጎበዝ የወጣላቸው አይቻለሁ፣ ግን እዛ የሚከፈለውን አስቡትና እኔ ጋ መልስ ማስቆጠር በነጻ ነው።

ቴሌብር አልተውም የምትሉ አትተዉ። ከመላካችሁ በፊት ያለውን ቀሪ ብር አሳዩትና "ይሄን ከከፈልን ስንት ይቀራል?" በሉት፣ እሱ ሳይናገር ፒኑን አታስገቡ፣ ከዛ ሜሴጁ ሲገባ አብራችሁ እዩት። ያው እንደ ረዳቱ እዛው ነው የሚታረመው።

ለናንተም ጥያቄ አለኝ። ጋዜጣ ላይ የገበያ ዋጋ ይወጣል፣ የሽንኩርት የጤፍ የዘይት። ከስሩ ትንሽ ቦታ ለልጆች ስጡና በሳምንቱ ዋጋ አንድ ጥያቄ አውጡ፣ ያለ ወረቀት ያለ ስልክ የሚሰራ። የመጀመሪያውን እኔ ልላክ፣ ሽንኩርት ኪሎው 70 ብር ቢሆን፣ ሶስት ኪሎ ተኩል ገዝታችሁ 300 ብር ብትሰጡ መልሳችሁ ስንት ነው? መልሱን በሚቀጥለው እትም አውጡት።

ባለሱቁ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ